የፎርስተርን «ሞሪስ» በቡድን ለማንበብ፦ 46ቱን ምዕራፍ እንዴት እንከፋፍለው? የክላይቭ መለወጥስ?

ጠያቂዋ፣ ከሸዋበር

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ደሴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ ስድስት አንባቢዎች ነን። ሁለቱ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ስለሚመጡ ሳይመሽ መጨረስ አለብን። ቀጣዩ መጽሐፋችን የእንግሊዛዊው ደራሲ የኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» ነው፤ ውይይቱን እኔ ነኝ የምመራው። ሕግ በሚከለክልበት ዘመን በሁለት ወንዶች መካከል ስለተፈጠረ ፍቅር የሚያወራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ተስማምተን ነው የመረጥነው። የቸገረኝ አመራሩ ነው።

46ቱን ምዕራፍ በስንት ስብሰባ ብንጨርስ ይሻላል? ገጽ ቆጥሬ እኩል ላካፍል ስል ታሪኩ መሀል ላይ ይቆረጥብኛል። ቀድመው የጀመሩት ሁለት ሰዎች ደግሞ «መግቢያው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውዬውም ፈዛዛ ነው» እያሉ ነው፤ እንዳይተዉት እፈራለሁ። ሌላው፣ የሞሪስ የመጀመሪያ ፍቅረኛ ክላይቭ ግሪክ ደርሶ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ሌላ ሰው መሆኑ አልዋጥ ብሎኛል። የደራሲው ድክመት ነው ወይስ ያለፍኩት ነገር አለ? ፊልሙን አስቀድመን ብናይስ? መጨረሻውንም «ተረት ነው» የሚል እንደሚነሳ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ምን ይዤ ልግባ?

መጽሐፉን የምታውቁት ቦታ ቦታውን እየጠራችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ አለብኝ።

አንባቢ፣ ከጦሳ ግርጌ

አብሽሪ እህቴ። ገጽ መቁጠሩን ተዪው፤ ደራሲው ራሱ በአራት ክፍል ነው የሠራው። አንደኛው ከምዕራፍ 1 እስከ 11፣ ሁለተኛው ከ12 እስከ 25፣ ሦስተኛው ከ26 እስከ 37፣ አራተኛው ከ38 እስከ 46 ነው። አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር የሞሪስ ኑሮ ይገለበጣል፤ መቁረጫሽ እዚያው ነው። አራት ስብሰባ ለአራቱ ክፍሎች፣ አምስተኛው ደግሞ ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1960 ለጻፈው የመጨረሻ ማስታወሻ ይሁን። በእናንተ አካሄድ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ለአንድ ስብሰባ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ከዚያ ላይ ሃያውን ደቂቃ ጮክ ብሎ ለማንበብ አውሉት፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ይመቻሉ።

መግቢያው ቀዝቃዛ የሚመስለው በችኮላ ሲነበብ ነው። ምዕራፍ 1ን አብራችሁ አንብቡት። ሞሪስ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶታል፤ አባቱ ሞቷል። ሚስተር ዱሲ የሚባል መምህር ባሕር ዳር ይዞት ይሄድና ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት ሊያስረዳው በበትር አሸዋ ላይ ሥዕል ይስላል። ጥቂት እንደሄዱ ሥዕሉን አለማጥፋቱ ትዝ ይለውና ከኋላቸው የሚመጡ ሰዎች እንዳያዩት በድንጋጤ ይገረጣል። ልጁ ያንን ድንጋጤ አይቶ በልቡ «ውሸታም፣ ፈሪ፤ ምንም አልነገረኝም» ይላል። ዱሲ ከዚያ በፊት «የዛሬ አሥር ዓመት ከነባለቤትህ እራት ጋብዤሃለሁ» ብሎታል። ይህን ግብዣ ምልክት አድርጉበት፤ ዱሲ ከዓመታት በኋላ፣ በምዕራፍ 43 ላይ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ምልክት ጆርጅ ነው። ሞሪስ ለዕረፍት ቤቱ ሲመጣ የአትክልት ሠራተኛው ልጅ ጆርጅ ሥራ ለቆ መሄዱን ይሰማል፤ ምክንያቱን ራሱም ሳያውቀው ያለቅሳል። ቀጥለው ሁለት ሕልሞች ይመጣሉ፤ በአንዱ ጆርጅ አለ፣ በሌላው አንድ ድምፅ «ያ ጓደኛህ ነው» ይለዋል። አንባቢ እነዚህን ሁለት ገጾች ከዘለለ በሦስተኛው ክፍል የሚመጣው የሞሪስ ሁለተኛ ፍቅረኛ አሌክ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። አሌክ የርስት አራዊት ጠባቂ ነው፣ አባቱ ሥጋ ሻጭ ነው። መንገዱ የተጠረገለት ገና በልጅነት በጆርጅ በኩል ነው።

«ፈዛዛ ነው» ያሉት ተሳስተዋል አልልም። ፎርስተር በመጨረሻው ማስታወሻ ሞሪስን ከራሱ በፍጹም የተለየ አድርጎ ሊፈጥረው እንደፈለገ ይናገራል፦ መልከ መልካም፣ ጤነኛ፣ አእምሮው ቀርፋፋ፣ በንግድ የማይታማ፣ ትንሽ ኩራተኛ። የለንደን ዳርቻ ልጅ ነው፣ እናቱና ሁለት እህቶቹ አሉ፣ ሥራው የአባቱ የአክሲዮን ድለላ ቢሮ ነው። ባለታሪኩ ገጣሚ ወይም ሠዓሊ ቢሆን ኖሮ አንባቢው «ድሮም ከሰው የተለየ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ተራ ሰው ሲሆን ግን ማምለጫ የለውም። ስለዚህ የሚያነቡትን ሰዎች «ሞሪስ አንድን ነገር የሚገነዘበው ከሌላው ሰው ስንት ምዕራፍ ዘግይቶ ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ክላይቭ ኬምብሪጅ ላይ ፍቅሩን ሲገልጽለት ሞሪስ ደንግጦ ሌሎች የሚሉትን ይደግምበታል፤ የገዛ ልቡን ለማወቅ ሌሊቶች ይፈጅበታል። መጽሐፉ የሚንቀሳቀሰው በዚህ መዘግየት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይዛችሁ ሂዱ፦ መስኮት። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ሞሪስ በሌሊት በክላይቭ መስኮት ዘልሎ ይገባል። ሦስተኛው ክፍል ሲያልቅ ደግሞ የክላይቭ ርስት በሆነው በፔንጅ አድሮ፣ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ጨለማው «ና!» ብሎ ይጣራል፤ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም። ግድግዳው ላይ በተደገፈው መሰላል የሚወጣው አሌክ ነው። በመጀመሪያው ሞሪስ ወደ ሌላው ዓለም ይገባል፣ በሁለተኛው ሌላው ወደሱ ይመጣል። 11ን እና 37ን ጎን ለጎን ማንበብ ከየትኛውም ሐተታ ይሻላል።

የቦርከና ዳር ሰው፣ ከኮምቦልቻ

ስለ ክላይቭ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር፣ ማለትም በ12፣ ትረካው ሞሪስን ለቆ ወደ ክላይቭ ልጅነት ይዞራል። አንባቢ «ታሪኩ ቆመ» ብሎ የሚዘለው ይህንን ነው፤ መልሱ ያለውም እዚሁ ነው። ክላይቭ አጥባቂ አማኝ ልጅ ነበር። ዝንባሌውን ቀድሞ ያውቀዋል፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ጋር ይጋጭበታል፣ እስኪታመም ድረስ ይሠቃያል። የሚያሳርፈው «ፌድረስ» የተባለው የአፍላጦን የፍልስፍና ድርሰት ነው። ከዚያ በኋላ ለእርሱ ግሪክ ሃይማኖት ሆነች፤ ፍቅሩን የተቀበለው ሥጋን እስካልነካ ድረስ ብቻ ነው። ከሞሪስ ጋር በነበሩበት ዓመታት ያንን ወሰን ያሰመረው ክላይቭ ነው፤ ሞሪስ ተከታይ ነበር።

አሁን 22ን ክፈቺ። ክላይቭ ኢንፍሉዌንዛ ታሞ ተነሥቶ፣ ሞሪስን ትቶ ብቻውን አቴና ሄዷል። በዲዮኒሰስ ቲያትር ፍርስራሽ ተቀምጦ ያን ሁሉ ዓመት ያመለካትን ግሪክን ያያል፤ የሚታየው የሞተ አገርና የሚሞት ብርሃን ብቻ ነው። ሳይፈልግ እንደ ሌሎች ወንዶች መሆኑን ለሞሪስ የሚጽፍለት ከዚያ ነው። ፎርስተር «እንዲህ ስለሆነ ተለወጠ» ብሎ አያብራራም፤ ያስቀመጠው ግን ግልጽ ነው፦ ፍቅሩን የተሸከመለት የመጽሐፍ ግሪክ ሲወድቅ ፍቅሩም አብሮ ወደቀ።

ዋናው ማስረጃ የሚመጣው ግን ካገባ በኋላ ነው። በሦስተኛው ክፍል ስለ ክላይቭና ስለ ሚስቱ ስለ አን አጭር ገለጻ አለች፤ አንዳቸው የሌላቸውን ገላ ሳያዩ፣ ስለዚያም አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ነው የሚኖሩት። እንግዲህ ክላይቭ ተለወጠ ወይ? የወደደው ፆታ ተለወጠ፤ ሰውየው ግን ያው ነው። ከሞሪስ ጋርም ከአን ጋርም ሥጋን ይሸሻል። ስለዚህ ለቡድኑ «መለወጡ ይታመናል አይታመንም?» የሚለውን አታቅርቢ፤ ሰዎቹ ስለ ተፈጥሮ ተከራክረው ሰዓቱ ያልቃል። «ክላይቭ በሁለቱም ጊዜ ምን እየጠበቀ ነበር?» በይ፤ ሁሉም መጽሐፉን ይገልጣል።

ጥበቃው ደግሞ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1885ቱ ሕግ 11ኛ አንቀጽ፣ ላቡሼር በሚባለው የፓርላማ አባል የገባው፣ በወንዶች መካከል የሚፈጸም «ነውር» ላይ እስከ ሁለት ዓመት እስር ደንግጓል፤ ከባድ የጉልበት ሥራ ሊጨመርበትም ይችላል። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 የተፈረደበት በዚሁ ሲሆን ሙሉውን ሁለት ዓመት ከነጉልበት ሥራው ነው የተቀበለው። ሞሪስ ለዶክተር ባሪ ሕመሙን ሲናገር ራሱን የሚገልጸው በዋይልድ ስም ነው፤ ሌላ ስም አልነበረውማ። ሐኪሙ ደግሞ መስማት እንኳ አይፈልግም። ክላይቭ ርስት ወራሽ ነው፣ እናቱ ወራሽ ልጅ ትፈልጋለች፣ ፓርላማ የመግባት ዕቅድ አለው። የሚያጣው ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ ፎርስተር ራሱ በመጨረሻው ማስታወሻ ክላይቭን ሳይበድለው እንዳልቀረና ድርቀቱን ከልክ በላይ ሳያጎላው እንዳልቀረ ያምናል። ክላይቭን ክፉ ሰው አድርጎ ለሚያነብ ሰው ይህን ንገሪው። ክፉ አይደለም፤ የሚወደውን ሰው የሚያቆስለው ደህና ሰው ሆኖ ነው፤ ለዚህም ነው ሁለተኛው ክፍል የሚያመው።

የፊልሙ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጄምስ አይቮሪ እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው 140 ደቂቃ ፊልም ጥሩ ሥራ ነው፤ ጄምስ ዊልቢ ሞሪስን፣ ሂዩ ግራንት ክላይቭን፣ ሩፐርት ግሬቭስ አሌክን ሆነው ሠርተዋል። ግን በፊልሙ ውስጥ ሪዝሊ የሚባለው የኬምብሪጅ ጓደኛቸው ተይዞ ይፈረድበታል፤ ክላይቭ ያንን አይቶ ይፈራል። በልብ ወለዱ ይህ የለም። ፊልሙን አስቀድማችሁ ካያችሁ 22 ላይ ስትደርሱ ሁሉም «ፈርቶ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ደራሲው ክፍት የተወው ጥያቄ ይጠፋል። ከአምስተኛው ስብሰባ በኋላ እዩት።

ጠያቂዋ፣ ከሸዋበር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ የአንና የክላይቭን ትዳር እንዲህ አላየሁትም ነበር። ከአባሎቻችን አንዱ ግን ሌላ ሙግት አለው፦ አሌክ በደብዳቤ የሚያስፈራራ ሰው ነው፤ እንዲህ የጀመረ ነገር እንዴት ፍቅር ይባላል ይላል። እውነትም የሙዚየሙን ክፍል ሳነብ ማን ማንን እንደሚያጠምድ ይምታታብኛል።

የፒያሳ አንባቢ፣ ከደሴ

መምታታቱ የታሰበበት ነው። ሁለቱም አያውቁትም፤ አንባቢውም ከእነሱ ቀድሞ እንዲያውቅ አልተፈቀደለትም።

የአሌክን ደብዳቤዎች ቀስ ብለሽ አንብቢያቸው። መጀመሪያ ሞሪስን ወደ ፔንጅ የጀልባ ቤት እንዲመጣ ይጠራዋል፤ ሞሪስ አልመለሰም፣ አልሄደምም። ከዚያ የሚመጣው ደብዳቤ የተቆጣ ነው፦ እንደ ውሻ እንዲታይ አይፈልግም፤ ስለ ሞሪስና ስለ ሚስተር ደራም (ስለ ክላይቭ) እንደሚያውቅም ይናገራል። ለሞሪስ ይህ «አጋልጥሃለሁ» ማለት ነው፤ በ1885ቱ ሕግ ምክንያት ገንዘብ የሚነጥቁ ሰዎች የዘመኑ እውነተኛ አደጋ ነበሩና። አሌክ በበኩሉ «ሞሪስ ብለህ ጥራኝ» ብሎት ሲነጋ አሽከር ያደረገውን ጌታ ነው የሚያየው። አንዱ ሕጉን ይፈራል፣ ሌላው ንቀቱን። እኔ የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ክልከላ የወንድነታቸው ነገር ብቻ ነው አልልም፤ የመደቡም ነው። ክላይቭ ከሞሪስ ጋር የተዋደደው በእኩያሞች ቤት፣ በመጽሐፍና በፒያኖ መካከል ነው። አሌክ ግን የርስቱ ተቀጣሪ ነው፤ አንድ ቀን ሞሪስ ሊሰጠው የዘረጋለትን ጉርሻ አልቀበልም ሲል ጌቶቹ እንደ ብልግና ነው የቆጠሩበት። ያቺን ቦታ ብዙ ሰው ያልፋታል፤ ሰውየው ገና ከመጀመሪያው በገንዘብ መያዝ እንዳልፈለገ የምታሳየው እሷ ናት።

ሙዚየሙ ውስጥ ሁለቱም የመጡት ለጠብ ነው። ግን ክንፍ ያለው የአሦር በሬ ፊት ቆመው እግሩን ይቆጥራሉ፤ አምስት ነው። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ይገረማሉ። ጠቡ በወሬ ይቋረጣል፣ ወሬው በጠብ ይቋረጣል። ያኔ ሚስተር ዱሲ ይመጣል። የድሮ ተማሪውን ፊት ያስታውሳል፣ ስሙን ግን ይስታል፤ «ዊምብልቢ» ነው የሚለው። አሌክ በአጋጣሚው ተጠቅሞ «በዚህ ጌታ ላይ ከባድ ክስ አለኝ» ብሎ ይጀምራል። ሞሪስ አልተሸበረም፤ ዱሲ ስሙን ሲጠይቀው «ስሜ ስከደር ነው» ይላል፤ የአሌክን ስም ለራሱ ወሰደ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አሌክ የሚከሰው ሰው አጣ። ዱሲም ሄደ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ለሞሪስና ለሚስቱ የተዘረጋው የእራት ግብዣ መልስ እዚህ ነው ያገኘው፤ ፎርስተር አንድም ቃል ሳይናገር ነው የመለሰው። ከዚያ ሁለቱ ምን ያህል ተፈራርተው እንደነበር ይናዘዛሉ። አባላችሁ «ፍቅር የሚባለው እንዴት ነው?» ካለ ይህን መናዘዝ አሳይው፤ ክላይቭና ሞሪስ በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ጊዜም እንዲህ አልተነጋገሩም።

ስለ መጨረሻው። «ተረት ነው» የሚለው ሙግት አዲስ አይደለም። ጸሐፊው ሊተን ስትሬቺ እ.ኤ.አ. በ1915 የእጅ ጽሑፉን አንብቦ ለፎርስተር በጻፈለት ደብዳቤ የሁለቱ ነገር ብዙ አይዘልቅም ብሎታል። ፎርስተር አልተቀበለውም። በመጨረሻው ማስታወሻ እንደሚለው መልካም ፍጻሜ የግድ ነበር፤ ያለዚያ አይጽፈውም ነበር። እዚያው ላይ፣ ልጁ ተሰቅሎ ወይም ሁለቱ አብረው ራሳቸውን አጥፍተው ቢያልቅ ኖሮ መጽሐፉ ችግር እንደማይገጥመው ይገልጻል። ማለት፣ ቅጣት ያለበት ታሪክ ይታተማል፣ ደስታ ያለበት ግን ወንጀልን ያበረታታል ተብሎ ይታገዳል። ከ1913 እስከ 1914 ጻፈው፣ «ለተሻለ ዘመን» ብሎ መታሰቢያነቱን ሰጠ፣ በመሳቢያ አኖረው። በየጊዜው እያወጣ አሻሽሎታል። እሱ በሰኔ 1970 በ91 ዓመቱ አረፈ፤ መጽሐፉ በ1971 ታተመ። የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ደግሞ 21 ዓመት የሞላቸውን ወንዶች በግል ስለሚያደርጉት ነገር መቅጣት የተወው በ1967 ነው። ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሮ እንኳ አላወጣውም።

እኛ አንባቢዎች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዘን ነው ወደዚህ የምንመጣው። እዚያ በዛብህና ሰብለወንጌልን የለያቸው ደም ቆጣሪው ወገን ነው፣ መጨረሻውም ከርዕሱ ጀምሮ ተነግሮናል። እንባውን ለምደነዋል፤ የተከለከለ ፍቅር ሲያልቅ መቃብር ካላየን የተታለልን ይመስለናል። ቡድኑን ይህን ጠይቂው፦ ሁለቱ በሕይወት መትረፋቸው ነው ያላሳመናችሁ ወይስ ቅጣት አለመኖሩ? መልሱ የተለያየ ይሆናል።

ተረት ላለመሆኑ ደግሞ ዋጋውን አስቆጥሪያቸው። አሌክ ወንድሙ ፍሬድ ያዘጋጀለትን የአርጀንቲና ሥራና የተከፈለ የመርከብ ጉዞ ትቷል። ሞሪስ ቢሮውን፣ ቤተሰቡን፣ መደቡን ጥሏል። ሳውዝሃምፕተን ወደብ ሄዶ አሌክ ከመርከቡ መቅረቱን ሲያይ፣ የአጥቢያው ቄስ ቦሬኒየስም እዚያው ነው፤ የሰዉ ዓይን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አልለቀቃቸውም። አሌክ ሞሪስን የሚጠራ ቴሌግራም ልኮ ነበር፤ ሞሪስ ግን ሳያየው በራሱ ግምት ነው የጀልባው ቤት የደረሰው። ፎርስተር መጀመሪያ ላይ የሞሪስ እህት ኪቲ ከዓመታት በኋላ ሁለት እንጨት ቆራጮችን የምታገኝበት መዝጊያ ጽፎ ነበር፤ አወጣው። የት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደሚበሉ አልነገረንም። በማስታወሻው ደግሞ እንዲህ ዓይነት መሸሸጊያ ጫካ በእንግሊዝ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ እንደጠፋ ይናገራል።

አንባቢ፣ ከጦሳ ግርጌ

ከፒያሳው ወዳጄ በአንድ ነገር እለያለሁ። የመደቡ ነገር ትልቅ ነው፤ ግን ከሕጉ በላይ ካደረግነው ላስከር ጆንስ ትርጉም ያጣል። ሞሪስ በሰመመን (ሂፕኖሲስ) ወደሚያክመው ወደዚህ ሐኪም ሁለት ጊዜ ሄዷል። ሐኪሙ አይሰድበውም፣ ተፈጥሯዊ ነው ብሎ በሕክምና ቋንቋ ስሙን ይጠራለታል፤ መጀመሪያ ላይ ሰመመኑ ትንሽ የሚይዘው ይመስላል። ከአሌክ ጋር ካደረ በኋላ ሲመለስ ግን አልሠራም። በመጨረሻ ሐኪሙ የሚመክረው ፈረንሳይ ወይም ጣልያን ሄዶ እንዲኖር ነው፤ በናፖሊዮን ሕግ ሥር ያሉ አገሮች ይህን አይቀጡምና። በመጽሐፉ ውስጥ ሞሪስን በቅንነት የሚያነጋግረው ባለሙያ የሚሰጠው መድኃኒት «አገርህን ልቀቅ» የሚል ነው። ሞሪስ አይለቅም፣ አሌክም ይቀራል። ሁለቱም ከእንግሊዝ ሳይወጡ ከእንግሊዝ ይወጣሉ። ሙዚየሙን ስትወያዩ ይህን ሁለተኛ ጉብኝት አትዝለሉት፤ ከ37 በኋላ ብዙም ሳይርቅ ታገኙታላችሁ።

የቦርከና ዳር ሰው፣ ከኮምቦልቻ

ያ ትክክል ነው፤ ሁለተኛውን ጉብኝት እኔም ዘንግቼው አልጠቀስኩትም። የቀረው የስብሰባው ሥርዓት ነው፤ እሱን ሳይይዙ መጀመር አይገባም።

የተለያየ ኅትመት ስለምትይዙ ገጽ አትጥሩ፣ ምዕራፍ ጥሩ። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የፔንግዊን ክላሲክስ ኅትመት ዴቪድ ሌቪት የጻፈው መግቢያ አለው፤ መጨረሻውን ስለሚገልጥ ከልብ ወለዱ በኋላ ይነበብ። የፎርስተር ማስታወሻም ከ46 በኋላ ነው የሚገኘው፤ ስለ ሦስቱም ሰዎች ፍርዱን ስለሚሰጥ ቀድሞ ያነበበ ሰው በራሱ ዓይን ማየት ያቆማል።

ሁለተኛውን ክፍል በአንድ ስብሰባ መጨረስ የሚከብዳችሁ ከሆነ 21 ላይ ቁረጡት። ከ22 እስከ 25 ያለውን ለብቻው መያዝ ያዋጣል፤ ያኔ ስብሰባው ስድስት ይሆናል። ለእኛ ከቆላ ለምንወጣው ግን አራት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ውይይት አታድርጉት፤ ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ መኪናው ያዘግማል።

ዋናው ግን ይህ ነው። ውይይቱ ስለ ሞሪስ፣ ስለ ክላይቭ፣ ስለ አሌክ ይሁን። ማንም ሰው «አንተስ?» ተብሎ እንዳይጠየቅ ከመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሪ። በእኛ አገር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በሥራ ላይ ነው፤ ከሕጉ በፊት ደግሞ የሰፈር ወሬ አለ። የተሰብሳቢ ስም ዝርዝር፣ ፎቶ፣ ድምፅ ቅጂ አይኑር። አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢሰማ ዝምታው አይተርጎምበት። አጥባቂ አማኝ አባል ካላችሁ ጥላችሁት አትሂዱ፤ 12ን እሱ ያንብብላችሁ። ክላይቭ ከእምነቱ ጋር የታገለበት ያ ምዕራፍ ከውስጥ የሚያውቀው ሰው ሲያነበው ሌላው ያልደረሰበትን ያያል። ስድብ ከተነሳ ክርክር አትግጠሚ፤ «የትኛው ምዕራፍ ላይ?» ብለሽ ጠይቂ። ምዕራፍ መጥራት ካልቻለ ወደሚቀጥለው እለፊ።

ለአራተኛው ስብሰባ 46ን ለማንበቢያ ሩብ ሰዓት አስቀምጪ። ሞሪስ ፔንጅ መጥቶ ለክላይቭ ሁሉን ይነግረዋል፤ ክላይቭ የሚያስበው ነገሩን እንዴት እንደሚያስተካክል፣ ቀጥሎም ከአን እንዴት እንደሚደብቀው ነው። ልብ ወለዱ የሚዘጋው በፍቅረኞቹ አይደለም፤ በክላይቭ ነው። ለምን ይመስላችኋል የሚለውን አንቺ አትመልሺ፤ አምስተኛው ስብሰባ እስኪደርስ ይዘውት ይሂዱ።

ጠያቂዋ፣ ከሸዋበር

ተመስገን፤ አሁን መጀመር እችላለሁ። ስድስት ስብሰባ እናደርገዋለን፣ 21 ላይ እንቆርጣለን፤ ፊልሙ ወደ መጨረሻ ሄዷል። አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ ሁለቱ አባላት በስልክ ነው የሚያነቡት፤ የእነሱ ቅጂ ሙሉ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የፒያሳ አንባቢ፣ ከደሴ

ሦስት ቦታ እዪ። ፊት ለፊት የ1913ንና የ1914ን ዓመት የያዘው የመታሰቢያ ገጽ መኖሩን፣ አራቱ ክፍሎች ተለያይተው መቀመጣቸውን፣ ከ46 በኋላ መስከረም 1960 የሚል ቀን ያለው ማስታወሻ መኖሩን። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ማስታወሻው ነው። ከጎደለ ለመጨረሻው ስብሰባ ከታተመው መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ ረጅም ጽሑፍ አይደለም።